ጮቄ ምን አጠፋ?

የጮቄ ተራራ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከጎጃም ወንዞች ስንቱ ከእሱ ይነሣል! እንዲያም ሆኖ ንጉሥ አልተቀመጠበትም፣ ነጋሪት አልተመታበትም። ከእሱ በታች፣ በ2,446 ሜትር ላይ ያለችው ጉብታ ግን መጀመሪያ መንቆረር ተብላ ተቆረቆረች፣ ኋላም ደብረ ማርቆስ ተብላ የጎጃም መናገሻ ሆነች። ከእግሩ ሥር ያለችው ትንሽ ስትከብር ትልቁ ምን አጥፍቶ ቀረ?

ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የአባቴ ነው። አባቴ ደብረ ኤልያስ መሪጌታ ነበሩ። ዳዊት የሚደግም ሁሉ እንደሚያውቀው መዝሙር 67 የረቡዕ ድርሻ ነው። ረቡዕ ማለዳ እዚያ ሲደርሱ ንባባቸውን ዘግየት ያደርጉ ነበር። ረጃጅሞቹ ተራሮች እግዚአብሔር ሊያድርበት በመረጠው በአንዱ ተራራ እንደሚቀኑ የሚናገረው ቦታ ነው። ጽዮን ከአርሞንዔም ጋር ስትተያይ ጉብታ ናት። አባቴ መጽሐፉን ዘግተው «ጮቄም ማርቆስን እንደዚህ ነው የሚያያት» ይሉና ይስቃሉ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልሳቅሁም። ጽዮንን እግዚአብሔር መረጣት፤ ማርቆስንስ ማን መረጣት?

መልሱ በታሪክ አይደበቅም፤ ሰው ነው የመረጣት። መንቆረርን የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው፤ ጊዜው 1845 ዓመተ ምሕረት ነው ይባላል። ተድላ ጓሉ ለአፄ ቴዎድሮስ አልገዛም ብለው የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ቦታ ሲመርጥ የሚያየው ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣና ጦሩ በምን እንደሚቀለብ ነው። ራእይ አየሁ ያለ መነኩሴ፣ ብርሃን የወረደበት ዛፍ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስለ መንቆረር ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ከእሳቸው በኋላ ራስ አዳል ተሰማ መጡ። በጥር 1873 አፄ ዮሐንስ ዘውድ ጫኑላቸውና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም ወከፋ ተባሉ። ለማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከተማይቱም የወንጌላዊውን ስም ወረሰች። ያን ዘመን ከእስክንድርያ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ስለ ተሰጡ፣ ንጉሡ ዘውድም ጳጳስም ያላቸው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው፤ የታወቀ ነው። በግንቦት 1874 እምባቦ ላይ በምኒልክ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ዘውዱ ከተጫነ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በ1880 ሳር ውኃ ላይ ድርቡሽ አሸነፋቸው። ብዙም ሳይቆይ አፄ ዮሐንስ ራሳቸው ጎጃምን አጠፏት፤ ባላገሩ ከብቱንም ዘሩንም አጣ። በ1888 ዓድዋ ዘመቱ፣ በጥር 1893 ዐረፉ። ጉብታዋ ግን ቀረች። ልጃቸው ራስ ኃይሉ እስከ 1924 ድረስ ከዚያው ሆነው ገዙ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ጦር ቀደመ፣ ዘውድ ተከተለ፣ ከዚያ ታቦት ገባ። የከተማ ሰው ይህን ስትነግሩት ይከፋዋል። እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁት ማርቆስ ነው፤ በንጉሡ ስም በተጠራው ትምህርት ቤት፤ ይህን ጉዳይ አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ባነሣ ልጆቹ ሁሉ ገላመጡኝ። «የኤልያስ ልጅ፣ ቅናት ነው» አለኝ አንዱ። ምናልባትም ነበር።

ግን የሚያስከፋ ነገር የለውም። ዳዊትም ጽዮንን የያዘው በጦር ነው። የኢያቡሳውያን ምሽግ ነበረች፤ መጀመሪያ ያዛት፣ ቤቱን ሠራባት፣ ታቦቱን ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢየሩሳሌምም እንደ መንቆረር ጀምራለች ማለት ነው። ሰው ለራሱ ጥቅም የመረጠውን ቦታ እግዚአብሔር አይቀበልም የሚል ካለ ሳሙኤል ካልዕን ያንብብ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ቤተ መቅደሱ የተሠራው ዳዊት ጦር ይዞ በገባበት ምሽግ ላይ አይደለም። የተሠራው ኦርና በሚባል የኢያቡሳዊ ገበሬ አውድማ ላይ ነው። ቸነፈር ሕዝቡን ሲፈጅ መልአኩ ቆሞ የታየው እዚያ ላይ ነበር። ዳዊት ወጣና አውድማውን ሽጥልኝ አለው። ንጉሥ ነውና መንጠቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ያልከፈልሁበትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ አውድማውንና በሬዎቹን በሃምሳ ሰቅል ብር ገዛ። የተቀደሰው እንግዲህ ንጉሡ የረገጠው ሁሉ አይደለም፤ ንጉሡ ለገበሬ ዋጋውን የቆጠረበት መሬት ነው። ይህን ካነበብሁ በኋላ ስለ ማርቆስ የምጠይቀው ተለወጠ። ማን መረጣት ማለቱን ተውሁና ማን ከፈለላት እላለሁ።

የከፈለላት ባላገር ነው። የንጉሥ ከተማ አያርስም። ጤፉ፣ ማሩ፣ ሙክቱ፣ ማገዶው ሁሉ ከዙሪያው ይገባል፤ ገሚሱ በግብር፣ ገሚሱ በድርጎ፣ ገሚሱም መልከኛው ስለ ፈለገ ብቻ። አባቴም ቢሆኑ ከዚህ ንጹሕ አልነበሩም፤ የካቲት 1967 የመሬቱ አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ እኛም የደብተራ መሬት ነበረን፣ አንድ ባላገርም ያርስልን ነበር። ስለዚህ የማርቆስን ሰው ብቻ እየወቀስሁ አይደለም።

1960 ዓመተ ምሕረትን አስታውሳለሁ፤ ልጅ ነበርሁ። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ብሎ አዲስ ነገር አወጀ፤ ማርቆስ የተቀመጡት እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ባላገሩ ነገሩን ግብር ብቻ አድርጎ አላየውም፤ መሬት ተለክቶ ርስት ሊነጠቅ ነው ብሎ አመነ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ሸፈቱ። ወሬው እኛ ዘንድ ከገበያተኛ ጋር ይመጣ ነበር፤ አሮፕላን ቦምብ ጣለ የሚለውንም የሰማነው ከጨው ነጋዴ ነው። እናቴ የአሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር ልብስ ከሽቦ ላይ ታወርድ ነበር፤ ነጭ ነገር ከላይ ይታያል ብሏት ነበር አንድ ሰው። በመጨረሻ እንደራሴው ተነሡ፣ ውዝፉም ተማረ። ንጉሠ ነገሥቱ ከራሳቸው አዋጅ ወደ ኋላ ሲሉ ጎጃሜ ያየው ያን ጊዜ ነው። ታቦት አጅቦ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ «እምቢ» ብሎ የተሰማለት ባላገር ብዙ የለም።

አሁን ወደ ኤልያስ ልምጣ። ደብረ ኤልያስ ንጉሥ አላየችም። ያየችው ተማሪ ነው። ቅኔ ቤቷ የታወቀ ስለሆነ ከወሎም ከጎንደርም ከትግሬም ደበሎ ለብሶ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም ነበር፤ አሁንም ቢቀንስ እንጂ አልጠፋም። ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ማታ ጉባኤ ቃና ሲያሰላስል ያድራል፣ ጠዋት ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ አንዲት ፊደል ካልጣማቸው «አፍርሰህ ሥራ» ይሉታል። ቀን ደግሞ አኮፋዳውን አንግቶ ይወጣል፤ በአንድ እጁ የውሻ ዱላ፣ አፉ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም»።

ያ ድምፅ ከአጥራችን ውጭ በቀን ስንት ጊዜ ይሰማ እንደነበር! ዝናብ ሲሆን የረጠበው ደበሎ ሽታ ቀድሟቸው ይደርሳል። እናቴ ቁራሹን ስትሰጥ ዘወትር አጥፋ ነበር። እንጀራውን አራት አድርጋ ታጥፍና በሁለት እጇ ታቀብላለች። ልጅ ሳለሁ ለምን እንደምታጥፈው ጠየቅኋት። ወጥ የደረሰውና ያልደረሰው አንድ ላይ ሲሄዱ ባዶው የደረሰው እንዳያፍር ነው አለችኝ፤ የታጠፈ እንጀራ ውስጡ አይታይማ። ወጥ ያለበትንም የሌለበትንም እኩል አጥፋ፣ እኩል በሁለት እጇ ትሰጥ ነበር። ከአባቴ ቅኔ አንዱንም በቃሌ አላውቅም፤ ይህን ግን ዛሬም አደርገዋለሁ።

ክረምት ገባ፣ ጎተራ ጎደለ እንበል። ያን ጊዜ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ትላለች። «አሜን» ይላል፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። አይራገምም፣ አይመዘግብባትም፣ ወታደር ይዞ አይመለስም። የማርቆስና የኤልያስ ልዩነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የገበሬን እንጀራ በልተዋል። አንደኛዋ ደጅ ላይ ግን እምቢ ማለት ይቻላል፤ በሌላኛዋ ደጅ እምቢ ለማለት የ1960ን ያህል ደም ያስፈልጋል። እምቢ ማለት በሌለበት ቦታ የተሰጠ ነገር መሥዋዕት ነው ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም። የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት በገዥ እጅ ተሠሩ ሲባል የምሰማው ውዳሴ ለዚህ ነው የሚጎረብጠኝ፤ ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ፈቅዶ ይሁን ተገዶ ማን ጠየቀው?

የኤልያስ ቁራሽ ማንን አሳደገ ብትሉኝ ሦስት ሰው ልጥራ። ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 እዚሁ ተወለዱ፣ ቅኔውንም እዚሁ ቀሰሙ፤ አዲስ አበባ ገብተው ተውኔት ደራሲ ሆኑ፣ አገር እስከ ዘውዱ መውደቅ ድረስ የዘመረውን የብሔራዊ መዝሙር ግጥም ጻፉ። ሐዲስ ዓለማየሁ የእንዶዳም ሰው ቢሆኑም ከተማሩባቸው ጉባኤያት አንዱ የኛው ነበር፤ የቆሎ ተማሪን ኑሮ በ1958 በታተመው መጽሐፋቸው ላይ ያነበበ ሰው ከየት እንዳመጡት አይጠፋውም። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የዚህ ተወላጅ ናቸው። በ1963 በመንበሩ ተቀመጡ፣ በ1968 ደርግ አወረዳቸው፣ በ1971 ገደላቸው። መገደላቸውን ቤተ ክርስቲያኗ እንኳ በይፋ ለመናገር ደርግ እስኪወድቅ መጠበቅ ነበረባት። ሦስቱም ከዚህ ወጥተው ሄዱ። የኤልያስ ነገር እንዲህ ነው፤ ታሳድጋለች እንጂ አታስቀርም።

ማርቆስም ብትሆን አላስቀረችም። በመጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ መጀመሪያ የገቡባት ትልቅ ከተማ እሷ ናት፤ ራስ ኃይሉም የገቡላቸው እዚያው ነው። አዲስ አበባ እስኪደርሱ ድረስ አራት ሳምንት ያህል የኢትዮጵያ መናገሻ ጎጃም ነበረ ብል ማን ይከለክለኛል? ከዚያ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ሆና ቆየች። በ1980 ደርግ ክፍለ ሀገሩን ሲከፋፍለው ምዕራቡ ለባሕር ዳር ሆነ፤ ኋላ ክልል ሲመጣ ባሕር ዳር የሁሉም ዋና ከተማ ሆነች፣ ማርቆስ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ከተማ ሆና ቀረች። ኤርምያስ የኢየሩሳሌምን ሰዎች ሂዱና ሴሎን እዩ ብሏቸዋል፤ ታቦቱ ቀድሞ የነበረባት ሴሎ ነበረች፣ ባዶዋን ቀረች። ማርቆስ ሴሎ ሆናለች አልልም። ከ1999 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ቅዱስ ማርቆስ ሚያዝያ 30 ሲነግሥ አደባባዩ ዛሬም ይጠባል። የሄደው ሹመቱ ነው እንጂ ታቦቱ አይደለም።

ሹመቱ ሲሄድ ግን ጠባዩን ትቶ ሄደ። የጡረታ ጉዳዬን ይዤ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ስመላለስ ይህን በደንብ አይቼዋለሁ። ልጁ ፋይሌን ሳይከፍት «ነገ ይምጡ እማማ» ይላል፤ ከኤልያስ መምጣቴን ነግሬዋለሁ። የሚሠራው ጠፍቶት አይደለም፤ ደጅ ማስጠናት የመናገሻ ከተማ ወግ ነውና ነው። ከአያቱ ዘመን ጀምሮ እዚያ ኮሪደር ላይ ባላገር ቆሞ ያውቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ማርቆስን ያላመሰገነ የገጠር ተማሪ ውለታ ቢስ ነው። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ስላልነበረ ሦስት ልጃገረዶች ሆነን ቤት ተከራይተን ተምረናል። በየገበያው ቀን ስንቅ በአህያ ይላክልናል፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ። ሐምሌ ላይ የማርቆስ ብርድ እንዴት ያለ ነው! ጉሙ በር ከፍቶ ይገባል። ቅዳሜ ልብሳችንን ውሰታ ወርደን እናጥባለን። ስንቁ በዘገየ ሳምንት ቤት አከራያችን ምንም ሳይሉ አንድ ሰሐን ባቄላ በራችን ላይ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። አንኳኩተው አያውቁም፤ ካንኳኩ እናመሰግናለንና። በዚያ ዓመት ማርቆስም ደብር መሆኗን አመንሁ፤ ያሳመነኝም ዘውዱ አልነበረም።

በግንቦት 2015 በወረዳችን ያለው የሥላሴ ገዳም የተኩስ ቦታ ሆነ። ስለዚያ ገና የምጽፈው የለኝም፤ ሰው እዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ግን ከዚያ ወዲህ «ቦታው ቅዱስ ነው» የሚለውን ቃል በቀላሉ አላወጣውም፤ ቅድስና አጥር ይሆናል ብሎ ያመነ ሰው ሁሉ ምን እንደ ደረሰበት አይቻለሁና።

ታናሽ ወንድሜ ቄስ ነው። ከአባቴ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ ተምሯል፤ እኔ በዚያ ሰዓት ከደጅ ሆኜ ጤፍ እለቅም ነበር፣ የሰማሁትን ያህል ሰምቻለሁ። ባለፈው ፋሲካ ይህን ሁሉ ነገርሁት። ጨዋ ነው፤ እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠኝም።

«እታለም፣ ኦርናን ከመካከሉ ጀመርሽው» አለኝ። «ዳዊት ሲመጣ ኦርና ምን እንዳለ ረሳሽው። አውድማውንም በሬዎቹንም እንጨቱንም በነጻ ውሰድ ነው ያለው። ዋጋ ልክፈል ያለው ዳዊት ነው፤ ኦርና አልጠየቀም። እናታችንም እንደ ኦርና ናት። ስትሰጥ ብድር አልሰጠችም፤ አንቺ ግን ልጇ ሆነሽ ዕዳ ልታስከፍዪላት ነው።»

ጥሩ ተናገረ። እውነት ነው፣ ኦርና በነጻ ልስጥ ብሏል። ሆኖም ዳዊት በነጻ አልወሰደም፤ መጽሐፉም የሚያመሰግነው አለመውሰዱን ነው። ሰጪ ዋጋ ባይጠይቅ ተቀባይ መጠየቅ አለበት። እናታችንን አንድም የኔታ፣ አንድም ሊቅ፣ አባታችን ጭምር፣ «ለዚህ ሁሉ ቁራሽ ምን እንስጥሽ?» ብሎ አልጠየቃትም አልሁት።

«ብትጠየቅስ ምን ትል ነበር?»

ይህን ለመመለስ አልተቸገርሁም። ከእናቴ አፍ ሰምቼዋለሁና፤ አንድ ቀን ምጣድ ስታሰማ ለራሷ ስትናገር። «ይችንም ከወንድሟ ጋር ቢያስቀምጧት ምን አለ» ነበር ያለችው። ይህን ነገርሁት።

ወንድሜ ትንሽ አሰበና «ሴት ከቅኔ ተከልክላ አታውቅም እኮ፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሉም እንዴ? ዓይናቸው ሳያይ ስንት ሊቅ አስተማሩ» አለ።

«ሌላስ ማን አለ?» አልሁት።

ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ሌላ ስም ሲፈልግ ቆየ።